ትዳር ቢፈርስ አባትነት አይፈርስም

ቅዳሜ ነው። ገበያው ሞልቷል። አንድ ገበሬ ከአዲሷ ባለቤቱ ጋር በግ ሊሸጥ ወጥቷል። ከወዲያ ማዶ፣ ከጨው ተራ አጠገብ፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቆሞ ያየዋል። ልጁ ከመጀመሪያዋ ሚስቱ የወለደው ነው። እናቱ ጨው ግዛ ብላ ልካዋለች።

ገበሬውም ልጁን አይቶታል። ግን ልቡ ሁለት ሆነ። «ሄጄ ባቅፈው ይቺ ምን ትለኛለች? ባዶ እጄን ብጠጋውስ ልጁ ምን ይለኛል?» እያለ ሲያመነታ የበግ ገዢ መጣ። ዋጋ ተጠራ፤ ክርክር ሆነ። በጉ ተሸጦ ገበሬው ቀና ሲል ልጁ የለም።

ልጁ ማታ ቤቱ ገባ። እናቱ፣ «ጨዉን ገዛህ?» አለችው።

«ገዛሁ» አላት።

«ማንን አገኘህ?»

«ማንንም።»

እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ቀበሌ ብቻ አይደለም። በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየወፍጮ ቤቱ ይታያል። ባልና ሚስት ይፋታሉ። አባት ሌላ ያገባል፤ እናትም ታገባ ይሆናል። ልጆች መካከል ላይ ይቀራሉ። ታዲያ አባት ሌላ ትዳር ከያዘ በኋላ ለቀድሞ ልጆቹ አባት ሆኖ መኖር የሚችለው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው።

1. የሚፈርሰውና የማይፈርሰው

ትዳር ውል ነው። ባልና ሚስት በሰማንያ ይጋባሉ፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ በሽማግሌና በፍርድ ቤት ይለያያሉ። ከብቱ ይካፈላል፤ እህሉ ይሰፈራል፤ መሬቱም ይከፈላል። ልጅ ግን እንደ ከብት አይካፈልም። ግማሹ ወደ እናት፣ ግማሹ ወደ አባት አይሄድም። ከአንዱ ቤት ቢኖርም የሁለቱም ልጅ ነው።

በአገራችን ልማድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። አስተማሪው ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ የልጁን ስም ብሎ የአባቱን ያስከትላል። ስለዚህ አባትየው ሌላ ቀበሌ ቢኖርም ስሙ በየቀኑ ትምህርት ቤት ይውላል። እንግዲህ ስሙ በየቀኑ እየተጠራ ሰውየው በዓመት አንድ ቀን እንኳ ካልታየ፣ ልጁ ስለዚያ ስም ምን ያስባል? እስቲ እንጠይቅ።

ሽማግሌዎች ሲያፋቱ ብዙ ጊዜ ስለ በሬውና ስለ ማሳው አምርረው ይከራከራሉ። ስለ ልጆቹ ግን «እናታቸው ታሳድጋቸው፤ አባትየውም ይርዳ» ብለው ያልፋሉ። «ይርዳ» የሚለው ቃል መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ስንት? መቼ? በማን እጅ? ይህ ሳይባል ስለሚቀር ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው።

2. አባት ለምን ይርቃል?

ከልጁ የሚርቅ አባት ሁሉ ጨካኝ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው በአንድ ቀን አይርቅም፤ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ምክንያት እፍረት ነው። አባት ባዶ እጁን ወደ ልጁ መሄድ ያፍራል። «እስቲ እህል ሲደርስ፣ እስቲ በጉ ሲሸጥ» እያለ ቀኑን ይገፋዋል። ቀኑ በተገፋ ቁጥር እፍረቱ ይጨምራል። ከዓመት በኋላ ለመሄድ ቢያስብም ምን ይዞ፣ ምን ብሎ እንደሚገባ አያውቅም።

ሁለተኛው ከልጆቹ እናት ጋር ያለው ቂም ነው። አባትየው ለልጁ ብሎ ሲሄድ የድሮው ጠብ ይነሣል። አንዳንድ እናትም በንዴት፣ «ልጁን አታየውም» ትላለች። አባትም በንዴት፣ «እንግዲያው ቀለብም የለም» ይላል። ሁለቱ ሲበቃቀሉ የሚጎዳው በጠቡ ያልነበረበት ልጅ ነው።

ሦስተኛው አዲሱ ቤት ነው። አዲሷ ሚስት ጎተራዋ እንዳይጎድል ትፈራለች። ደግሞም ባሏ ወደ ቀድሞ ቤቱ ሲመላለስ፣ «ለልጁ ነው ወይስ ለእናቱ?» ብላ ትጠረጥራለች። በዚህ ላይ አዲስ ልጅ ሲወለድ የአባት ዓይን በቅርብ ወዳለው ያደላል።

አራተኛው ርቀት ነው። አንዳንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። ሌላው ከተማ ገብቶ የቀን ሥራ ይሠራል። «ስመለስ አየዋለሁ» እያለ ልጁ ያድጋል።

እንግዲህ እነዚህን አራቱን ስናያቸው አንድ ነገር እንረዳለን። ፍቅር ስለጠፋ ብቻ አይደለም አባት የሚጠፋው። ድርሻው በግልጽ ስላልተቆረጠ፣ ቀኑም ስላልታወቀ ነው።

3. በስውር መስጠትና በግልጽ መስጠት

ሁለት አባቶችን እናስብ።

የመጀመሪያው አባት ልጆቹን ይወዳል። ሌላ ሚስት ሲያገባ ግን ስለ ልጆቹ ቀለብ ምንም አልነገራትም። በመከር ጊዜ አንድ ስልቻ ገብስ በማታ አሸክሞ ወደ ልጆቹ ይልካል። ይህን ያደረገው ጠብ ፈርቶ ነው። ግን «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። አንድ ቀን ጠላ ቤት ሆኖ ለጓደኛው አወራ። ወሬው ወፍጮ ቤት ደረሰ፤ ከወፍጮ ቤት ሚስቲቱ ጆሮ ገባ። ሚስቲቱም፣ «ከኔ ተደብቆ የወጣው ይህ ብቻ ነው? ሌላስ ምን ወጥቷል?» አለች። ያልወጣውም እንደ ወጣ ተቆጠረ። ቤቱ ታመሰ። አባትየው ሰላም ፈልጎ ለልጆቹ መስጠቱን ተወ።

ሁለተኛው አባት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነገሩን ገልጾ ተናገረ። «ሁለት ልጆች አሉኝ። በየዓመቱ ከአውድማዬ ሁለት ኩንታል የእነሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ አያቸዋለሁ። ይህን አውቃችሁ ከተስማማችሁ ልጃችሁን ስጡኝ» አለ። የልጅቱ ወላጆች ጥቂት አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን ተስማሙ። ልጅቱም ተጠይቃ እሺ አለች። በመከር ጊዜ ሁለቱ ኩንታል ከአውድማ ላይ ተለየ። ጎተራ ያልገባ እህል ከጎተራ ወጣ አይባልም። ጠብም አልተነሣም።

እዚህ ላይ ልዩነቱ የፍቅር ማነስና መብዛት አይደለም። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይወዳሉ። የመጀመሪያው የሰጠው ስርቆት መሰለበት፤ የሁለተኛው ደንብ ሆነለት። በስውር የሚሰጥ፣ መልካም ቢሆንም፣ ጥርጣሬ ይወልዳል። አስቀድሞ የታወቀ ድርሻ ግን እንደ ዘር ነው። ገበሬ ዘሩን ለይቶ ሲያስቀምጥ ከቤቱ ሰው «ለምን አንበላውም?» የሚል የለም። የልጅም ቀለብ እንደ ዘር ተለይቶ ይቀመጥ።

«እኔ ሳልናገር አግብቻለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?» የሚል ይኖራል። አሁንም አልረፈደም። ባለቤቱን በሰላም ቀን ቁጭ አድርጎ፣ አስፈላጊም ከሆነ ሁለቱን የሚወድ አንድ ሽማግሌ ጠርቶ ይንገራት። መጀመሪያ ላይ ልትቆጣ ትችላለች። ከሌላ ሰው ብትሰማው ግን ቁጣዋ ይብሳል።

4. ቀለቡን በእህል እንቁጠረው

«የቻልኩትን እሰጣለሁ» ማለት ጥሩ ይመስላል። ግን የማይቆጠር ነገር በቀላሉ ይረሳል። ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

አንድ ልጅ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይበቃዋል ብለን እንነሣ። በዓመት ውስጥ ዐውደ ወሩን ጳጉሜን ጨምረን 365 ቀን አለ። የ365 ግማሽ 182 ኪሎ ተኩል ነው። ስለዚህ ለአንድ ልጅ በዓመት ወደ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ እህል ያስፈልጋል ማለት ነው።

አባት አንድ ኩንታል ቢሰጥ ስንት ቀን ይበቃል? አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። በቀን ግማሽ ኪሎ ሲወጣለት 200 ቀን ይቆያል። ከጥር 1 ቀን ጀምሮ ቢበላ ሐምሌ 20 ቀን ላይ ያልቃል። የቀረውን 165 ቀን እናት ትሸፍናለች ማለት ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። ሐምሌ 20 ማለት ክረምቱ የከበደበት፣ ጎተራ የሳሳበት፣ እህል በገበያ የተወደደበት ጊዜ ነው። አባት ሙሉውን ኩንታል በጥር ሰጥቶ «ጨርሻለሁ» ቢል እናት ብቻዋን ከክረምቱ ጋር ትፋጠጣለች። ደግሞ በጥር ቤት ውስጥ ብዙ ችግር አለ። ዕዳ ይከፈላል፤ ልብስ ይገዛል፤ እንግዳ ይመጣል። እህሉ ከልጁ አፍ በፊት ለሌላ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መስጠት ይሻላል። ግማሹ በጥር ከአውድማ፣ ግማሹ በሐምሌ ከጎተራ ቢሰጥ ለልጁ ይበጃል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ አባት ቀለቡን በገንዘብ ይቆርጣል። ደመወዝ ላለው ወይም የቀን ሥራ ለሚሠራ ይህ ይመቻል። ገንዘብም በስልክ መላክ ይቻላል። ነገር ግን የእህል ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ዘንድሮ የሚበቃው ብር ለከርሞ ላይበቃ ይችላል። በመሆኑም ገንዘብ ሲቆረጥ በየዓመቱ ከገበያው ዋጋ ጋር እያዩ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቀለብ ማለት እህል ብቻ አይደለም። በመስከረም ደብተርና እርሳስ አለ። ልብስ አለ። ልጅ ሲታመም የጤና ጣቢያ ወጪ አለ። እነዚህንም «ደብተሩ በአባት፣ ልብሱ በእናት፣ ሕክምናው በእኩል» እያሉ አስቀድሞ መከፋፈል ነው።

5. ጉልበትም ቀለብ ነው

«እኔ ራሴ ድሃ ነኝ፤ ከየት አምጥቼ ነው የምሰጠው?» የሚል አባት አለ። ለእሱም መልስ አለ። ጉልበት አለው።

በብዙ የደጋ አካባቢ ልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ የተፋታች ሴት የደረሳትን ማሳ ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ማሳው ስድስት ኩንታል ገብስ ቢያወጣ ሦስቱን አራሹ ይወስዳል፤ ለእሷና ለልጆቹ ሦስት ይቀራል። አባትየው ግን ያንን ማሳ ለልጆቹ ብሎ ቢያርስ ስድስቱም ኩንታል ከልጆቹ ቤት ይገባል። አንድ ኩንታል ከጎተራው ማውጣት ያቃተው አባት በጉልበቱ ሦስት ኩንታል ሰጠ ማለት ነው።

«ወደ ፈታኋት ሴት ማሳ ብገባ ሰው ምን ይለኛል?» የሚባል ነገር ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐሜት አለ። ለዚህም መላ አይጠፋም። ብቻውን ከሚገባ ይልቅ ወንፈል ይዞ፣ ከወንድሙ ወይም ከጎረቤቱ ጋር በቀን ብርሃን ይረስ። ወይም ለወንድሙ አርሶለት ወንድሙ ለልጆቹ ይረስላቸው። አንድ በሬ ብቻ ያለውም ከመቀናጆው ጋር ይስማማ። ልጁም ከደረሰ አብሮት ይውላል። ሞፈርና ቀንበር እንዴት እንደሚያያዝ፣ ትልም እንዴት እንደሚቀና ከአባቱ ይማራል። ይህን ማንም ኩንታል አያስተምረውም።

6. «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ»

አባቶቻችን ቃል ማክበርን ለማስተማር፣ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ቃል ከልጅም ይበልጣል ለማለት ነው። ልጅን በተመለከተ ግን ቃሉና ልጁ አንድ ናቸው። ለልጅ የተናገሩት ሲጠፋ የወለዱትም ይጠፋል።

አባት፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ ልጁን ይለያል። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ይነሣል። ፊቱን ይታጠባል። ከብቶቹን ለታናሹ ሰጥቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል። ከሩቅ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ይነሣል። ሰውየው ሲቀርብ አባቱ አይደለም። ፀሐይ ትገባለች። በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጁ መንገድ ዳር አይወጣም። ከዚያ በኋላ አባቱ በግ ይዞለት ቢመጣ እንኳ ልጁ በሙሉ ዓይኑ አያየውም።

ስለዚህ አባት የሚችለውን ቀን ብቻ ይናገር። በየሳምንቱ ካልቻለ በወር አንድ ጊዜ ይበል፤ ያችን አንዲት ቀን ግን አይሳሳት። ባይችል አስቀድሞ ሰው ይላክ ወይም ስልክ ይደውል። ባዶ እጅ መምጣትም አያሳፍር። ልጅ የሚቆጥረው ዳቦውን ብቻ አይደለም፤ ዓይንን ይቆጥራል።

የት እንገናኝ? ለሚለው ጥያቄ፣ ጠብ ካለበት ቤት ውጪ ብዙ ቦታ አለ። የአባት እናት ቤት አለ። የልጁ ክርስትና አባት ቤት አለ። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አለ። እንደ ወሎ ባሉት፣ ክርስቲያንና እስላም ተጋብቶ በሚኖርበት አገር ደግሞ የዒድ ቀን አለ፤ የጥምቀት ቀን አለ። በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን መገኘትም ይቻላል። አስተማሪው፣ «የማን አባት ነዎት?» ሲለው ልጁ ከፊት ተቀምጦ ይሰማል።

አባት ከልጁ ጋር ሲገናኝ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ ልጁን ሰላይ አያድርገው። «እናትህ ማንን ታስገባለች? ምን ገዛች?» ብሎ አይጠይቀው። ሁለተኛ፣ እናቱን በፊቱ አይስደባት። ልጁ ከእናቱም ስለ ተወለደ ስድቡ ለራሱ ይሰማዋል። ይህ ለእናትም ይሠራል። ሰክሮ የሚመጣ፣ የሚማታ፣ የሚዝት አባት ደግሞ መጀመሪያ ራሱን ያርም። እንዲህ ያለው እስኪስተካከል ድረስ ልጁን በሽማግሌ ፊት ቢያየው ይሻላል። አባት መቅረብ ያለበት ለልጁ ደህንነት እንጂ ለመብቱ ብቻ ብሎ አይደለም።

7. የእንጀራ እናትና የእንጀራ አባት

በተረት ውስጥ የእንጀራ እናት ሁልጊዜ ክፉ ናት። በኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። የእንጀራ እናት ያልወለደችውን ልጅ ያጠበች፣ ያበላች፣ ሲታመም ያደረች ብዙ ናት። የምትከፋውም ብዙ ጊዜ ልጁን ጠልታ አይደለም፤ ነገሩ ስለተደበቀባት ወይም ሥራው ሁሉ በእሷ ላይ ስለወደቀ ነው። አባት ልጁን አምጥቶ፣ «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ወደ እርሻው ቢሄድ ሸክሙን ለእሷ አሸክሞ ሄደ ማለት ነው። ልጁ አባቱን ለማየት መጥቶ የእንጀራ እናቱን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ልጁ በሚመጣበት ቀን አባት ከቤት ይዋል። ልጁን ራሱ ያስተናግድ።

የሁለቱ ቤት ልጆችም ይተዋወቁ። ታናሽና ታላቅ ወንድማማች ገበያ ላይ ሳይተዋወቁ መተላለፍ የለባቸውም። ነገ አባት ሲሞት አንድ ላይ የሚያለቅሱ እነሱ ናቸው። በሕይወት እያለ ካላስተዋወቃቸው የሚተዋወቁት በውርስ ክርክር፣ በፍርድ ቤት ደጅ ይሆናል።

እናትየው ሌላ ባል ካገባች ደግሞ ልጁ የእንጀራ አባት አለው። አንዳንድ አባት፣ «እንግዲህ የሚያበላው አግኝቷል» ብሎ ይተዋል። ሌላው ደግሞ በቅናት ሰውየውን ይጣላዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የእንጀራ አባት ያበላውን ጉርሻ የወለደ አባት ሊያመሰግንለት ይገባል። መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ «ልጄን እንደ ልጅህ ስለያዝክልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ቢለው ምን ይጎድልበታል? ልጁ ይህን ቢሰማ ከሁለት አባት አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።

8. ሕጉ ምን ይላል?

ልጅን መርዳት የፈቃድ ነገር ብቻ አይደለም። ሕግም አለው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወላጅ ለልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ሌሎች በርካታ ክልሎችም እንዲሁ የየራሳቸውን አውጥተዋል። ከእነዚህ ሕጎች ልናውቃቸው የሚገቡን ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ አባት ሌላ ማግባቱ የልጁን ቀለብ አያስቀርም።

ሁለተኛ፣ የቀለቡ መጠን የሚወሰነው ሁለት ነገር ታይቶ ነው። እነሱም የልጁ ችግርና የሰጪው አቅም ናቸው። አቅም ሲለወጥ ቀለቡም እንዲለወጥ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ሌላው ወላጅ እንዴት እንደሚጠይቃቸው፣ ቀለባቸውና ትምህርታቸው እንዴት እንደሚሆን ፍርድ ቤት ይወስናል። በድሮው በ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ለእናቱ ይሰጥ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ግን የወላጆቹን አኗኗርና የልጁን ጥቅም አይቶ እንዲወሰን አድርጓል።

አራተኛ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅም በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው። እዚህ ላይ ልብ እንበል። አባትን ማወቅ የልጁ መብት ነው። እናት በቂም ብትከለክለው፣ አባትም በግዴለሽነት ቢነፍገው፣ የሚቀማው የልጁ ንብረት ነው።

አምስተኛ፣ በውርስ ጊዜ የመጀመሪያው ትዳር ልጅና የሁለተኛው ትዳር ልጅ፣ ወንድና ሴት፣ እኩል ናቸው። ስለ ገጠር መሬት ውርስ ግን የመሬት ሕግ ለብቻው ስላለ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ቀለብ የአንድ ወገን ዕዳ አይደለም። ወላጅ አርጅቶ ሲቸገር ልጅም ወላጁን የመርዳት ግዴታ አለበት። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል፤ የልጅም ዕዳ በአባት ላይ አለ።

የልጅ የልደት ምዝገባም እንዳይረሳ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። የአባት ስም በወረቀቱ ላይ መስፈሩ ልጁን በኋላ ከብዙ ክርክር ያድነዋል።

ነገሩ በሽማግሌ ካለቀ መልካም ነው። ሽማግሌ ካልቻለው የወረዳው ፍርድ ቤት አለ። ሆኖም ፍርድ ቤት እህሉን ያስሰፍራል እንጂ አባትን መንገድ ዳር አያመጣውም። ያ የአባት የራሱ ሥራ ነው።

9. የተማርነው ፊደል ለልጃችን

ፊደል የቆጠረ አባት ካልቆጠረው የበለጠ መሣሪያ አለው። ድሮ የአንድ አባትና እናት ስምምነት በሽማግሌዎች ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሽማግሌ ሲሞት ወይም ሲረሳ ስምምነቱም ይጠፋል። አሁን ግን በደብተር መጻፍ ይቻላል። ለምሳሌ እንዲህ፦

ጥር 12 ቀን፦ ገብስ 50 ኪሎ። ለልጁ እናት ተሰጠ።
ሐምሌ 14 ቀን፦ ገብስ 50 ኪሎ። ለልጁ እናት ተሰጠ።
መስከረም 8 ቀን፦ ደብተር 6፣ እርሳስ 2። ለልጁ በእጁ ተሰጠ።

ይህን አባትም በደብተሩ ይጻፍ፤ እናትም በደብተሯ ትጻፍ። «ሰጥቻለሁ»፣ «አልሰጠኽም» የሚለው ጠብ ይቀራል። አዲሷ ባለቤትም ደብተሩን ማየት ትችላለች። የተደበቀ ነገር የለምና።

ሁለተኛው የፊደል ጥቅም ደብዳቤ ነው። ስልክ ጥሩ ነው፤ ድምፅ ያሰማል። ነገር ግን የስልክ ወሬ ያልፋል፤ ደብዳቤ ይቀመጣል። ልጅ ሲናፍቅ አውጥቶ ያነበዋል። ደብዳቤ ረጅም መሆን የለበትም። ለሥራ የራቀ አንድ አባት እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦

ይድረስ ለምወድህ ልጄ።
እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰሊጡ ገና አላለቀም። እስከ ኅዳር አጋማሽ እዚሁ ቈላ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማልመጣው ረስቼህ አይደለም። ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ። ያኔ ደብተርህን ታሳየኛለህ። እናትህን እዘዛት። እኅትህን ሳምልኝ።
አባትህ።

ጽሕፈቱ ቢወላገድ ግድ የለም። ልጁ ራሱ ተማሪ ስለሆነ ፊደል መጻፍ እንዴት እንደሚያደክም ያውቃል። አባቱ ለእሱ ብሎ እንደደከመም ይገባዋል።

መደምደሚያ

ወደ ገበያው እንመለስ። ያ ገበሬ ምን ማድረግ ነበረበት? ነገሩ ከባድ አልነበረም። ባለቤቱን፣ «ያ ልጄ ነው፤ ነይ ሰላም እንበለው» ማለት ብቻ ነበር። አስቀድሞ ነግሯት ቢሆን ኖሮ ይህን ለማለት አይፈራም ነበር። ልጁም ማታ እናቱ «ማንን አገኘህ?» ስትለው፣ «አባቴን» ብሎ ይመልስ ነበር።

ስለዚህ ድርሻውን ቆርጠን እናሳውቅ። ቀኑን ወስነን እናክብር። የሰጠነውን እንጻፍ። ትዳር ቢፈርስ ሁለት ቤት ይሆናል፤ ልጅ ግን በሁለቱም ቤት የሚጠራበት ስም አንድ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሽማግሌዎች ስለ ልጆቹ ምን ይላሉ? ምንስ ሳይናገሩ ያልፋሉ?
2. በስውር የሰጠው አባትና በግልጽ የሰጠው አባት በምን ተለያዩ?
3. አንድ ልጅ በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ 50 ኪሎ እህል ስንት ቀን ይቆየዋል? አስሉ።
4. የእንጀራ እናት ወይም የእንጀራ አባት ሆናችሁ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ከባሉ ወይም ከሚስቲቱ ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጉ ነበር?
5. አብሯችሁ ለማይኖር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አምስት መስመር ደብዳቤ ጻፉ።